ማንጎውን ማን ተከለው?

እኔ እጄ ደረቅ ነው። ራሴን ላሳንስ ብዬ አይደለም፤ ቤታችን ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው። ልጅ ሳለሁ እናቴ ባሮ ዳር በቆሎ ስትዘራ እህቶቼን «ኑ» ትላቸውና እኔን «አንቺ ውሃ ቅጂ» ትለኝ ነበር። የነካሁትን ዘር ወይ ምስጥ ይበላዋል፣ ወይ ወፍ ይለቅመዋል፣ ወይ ደግሞ ዝም ብሎ አፈር ውስጥ ይቀራል። አንዴ ተደብቄ የዱባ ዘር ተከልኩ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ምንም የለ። እናቴ ስትደርስብኝ አልተቆጣችም። ሳቀችና «እጅ እንደ ፊት ነው፣ ከሰው ሰው ይለያያል» አለችኝ።

በዚህ የተነሳ እኛ ዘንድ አንድ ልማድ አለ። ቋሚ ተክል ማቆም የፈለገ ሰው፣ በተለይ እጁ ደረቅ ከሆነ፣ እጇ የሚያበቅል ሴት ጠርቶ ያስተክላል። ተካይዋ ችግኙን ጉድጓድ ውስጥ ታቆማለች፣ አፈሩን በእጇ ትጠቀጥቃለች፣ የመጀመሪያውን ውሃ ታጠጣለች። ባለቤቱ ቆሞ ያያል። ችግኙ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ባለቤቱ አይነካውም። ለተካይዋ ሳሙናና የእጅ መታጠቢያ ውሃ ይቀርብላታል፤ ፍሬው ሲደርስ ደግሞ ቀድማ የምትቀምሰው እሷ ናት። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። ዛፉ የባለቤቱ ነው። ይሄ ይጠየቃል ብሎ ያሰበ ሰው አላውቅም።

ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር ያለው ቤቴ ከእናቴ የቀረልኝ ነው። ከቤቱ ጀርባ ስምንት እርምጃ የሚሰፋ፣ እስከ ጎርፍ መውረጃው ቦይ የሚዘልቅ መሬት አለ፤ ከስምንቱ እርምጃ ወዲያ የጎረቤቴ ግቢ ነው። እናቴ ድንበሩ ላይ ሦስት የኒም ዛፍ ተክላ ነበር። ወረቀት የሚባል ነገር አልነበራትም። ያኔ በሰፈሩ ወረቀት የነበረው ሰው የለም፤ «ከኒሙ ወዲህ የእከሊት፣ ከኒሙ ወዲያ የእከሊት» ነው። ልትሞት ሰሞን እጄን ይዛ «ቤቱ ያረጃል፣ ቆርቆሮውም ይዝጋል፤ አንቺ መሬቱን ያዢ» አለችኝ።

እኔ ትየርኪዲ፣ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ስደተኛ መዝጋቢ ነኝ። ሰኞ በጠዋት በሥራ መኪና እሄዳለሁ፣ አርብ እመለሳለሁ። ሥራው የኮንትራት ነው፤ ዛሬ አለ፣ ነገ «ፕሮጀክቱ አልቋል፣ እናመሰግናለን» ይሉሻል። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ስለዚህ አሰብኩ፦ ይህን መሬት አትክልት አደርገዋለሁ፣ ኮንትራቱ ያለቀ ቀን ማንጎዬና ፓፓያዬ ያኖሩኛል። ከዚያ ሌላ ለእርጅናዬ ያሰብኩት ነገር አልነበረም።

ጎረቤቴ ከጎግ በኩል የመጣች ሴት ናት። ባሏ ሞቶባት አራት ልጆች ለብቻዋ ታሳድጋለች። አምስት ዓመት ትበልጠኛለች። ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ጎን ለጎን ነው የምንቆመው፤ ዜማው ሲጠፋብኝ በክርኗ ጎሸም የምታደርገኝ እሷ ናት። እናቴ የሞተች ጊዜ ሰባት ቀን ሙሉ ቤቴ ምንጣፍ ላይ ያደረችው እሷ ናት። እጇስ? አቤት እጅ! እሷ መሬት ላይ ያስደገፈችው መጥረጊያ እንኳን ያቆጠቁጣል ይባላል። በሰፈሩ የእሷ እጅ ያላረፈበት ግቢ የለም።

«አትክልት ልተክል ነው» ስላት እስኪበቃት ሳቀችብኝ። «አንቺ? የትየርኪዲን ሰው ቁጠሪ እንጂ ችግኝ ምን አድርጎሽ ነው የምትገድይው?» አለች።

«አንቺ ትተክይልኛለሻ» አልኳት።

«እሱስ ደግ» አለች።

ሚያዝያ ላይ፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ ጉድጓድ አስቆፈረችኝ። መሬቱ እንደ ድንጋይ ነበር። «የላዩን አፈር ለብቻ፣ የታቹን ለብቻ ክመሪ። ጉድጓዱ ወር ሙሉ ፀሐይ ይግባበት፣ ምስጡ ይሽሽ» አለች። ሰኔ ላይ ከችግኝ ጣቢያ ልንመርጥ አብረን ሄድን። እኔ ረጅም ረጅሙን ሳነሳ እሷ ከእጄ ትቀማኛለች። «እንደ ባል በቁመት አትምረጪ! ቂጡን እዪ!» ትላለች፣ ላስቲኩን ገልብጣ ሥሩን እያሳየችኝ። ሥሩ ላስቲኩን ቀዶ የወጣው ውስጥ ውስጡን ተጠማዟል ማለት ነው፣ ሲያድግ ራሱን ያንቃል። አጠር፣ ወፈር ያለውን፣ የተዳቀለበት ጠባሳ በደንብ የገጠመውን ስድስት ማንጎ መረጠችልኝ። አንድ ሎሚ ጨመርን። ፓፓያውን እሷ በጣሳ ካፈላችው አመጣች።

የተከለች ዕለት እኔ ሳሙናና ውሃ ይዤ ቆሜ ነበር። የላዩን አፈር ከፍግና ከአመድ ጋር ለውሳ ከታች አደረገችው። ከዚያ እያንዳንዱን ችግኝ ልክ እንደ ሕፃን በሁለት እጇ አቅፋ አስገባች። ሰፈርተኛው በአጥር በኩል ቆሞ ያይ ነበር። እሷ ስትተክል ማየት ሰው ይወዳል። አንዱ እንኳ አልደረቀም። በሦስተኛው ሳምንት ቀይ ቀይ ቅጠል አወጡ፣ «በይ አሁን ንኪያቸው» አለችኝ፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንባዬ መጣ።

የጋምቤላ ክረምት ለተክል ደግ ነው፤ ችግሩ በጋው ነው። ከኅዳር ጀምሮ መሬቱ ይሰነጠቃል፣ የካቲትና መጋቢት ላይ ቅጠል ዛፉ ላይ እንዳለ ይጠበሳል። እኔ ትየርኪዲ ነኝ። ውሃ የምታጠጣው እሷ ናት። ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ቂጡን በመርፌ ወግታ ከየችግኙ ሥር ትቀብርና ትሞላዋለች፣ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ሥሩን ያገኘዋል። በምዕራብ በኩል የሣር ጥላ ትሠራላቸዋለች። ሣር ትጎዘጉዝላቸዋለች፣ ግን ከግንዱ አራት ጣት አርቃ፤ «ካስጠጋሽው ለምስጥ መንገድ ታበጂለታለሽ» ትላለች። አርብ ስመጣ ከቤቴ በፊት እዚያ ነው የምሄደው። እሷ ከእኔ ቀድማ እዚያ ናት። አላፊ አግዳሚው ሁሉ እሷን ነው እዚያ የሚያያት፤ እኔን ማን ያየኛል፣ የቅዳሜና የእሁድ ሰው።

ፓፓያዎቹ በሁለተኛው ዓመት አበቡ። በየጉድጓዱ ሦስት ሦስት ነበር ያደረገችው፣ ምክንያቱም ፓፓያ እስኪያብብ ድረስ ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። አበባውን በረጅም ክር ያንጠለጠለው ወንድ ነው፣ አያፈራም። አንድ ቅዳሜ ገጀራ ይዛ መጣችና ወንዶቹን እየዞረች ቆረጠቻቸው፣ አንድ ብቻ ለዘር አስቀርታ። ያን የመሰለ ለምለም ዛፍ! ጮህኩባት። «የሚበላና የማያፈራ ከሆነ ምን ይሠራልሻል?» አለችኝ። ሳቅን። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ያስቀን ነበር።

የዚያኑ ዓመት ነው ኒሞቹን ያነሳችብኝ። «ኒም ውሃ ይጠጣል፣ ማንጎሽን ያቀጭጭብሻል፤ ይቆረጥ» አለች።

«እናቴ የተከለችው እኮ ነው» አልኳት።

«እናትሽ ጥላ ፈልጋ ነው። አንቺ የምትፈልጊው ፍሬ ነው።»

እውነቷን መሰለኝ። እውነትም ከኒሞቹ አጠገብ ያሉት ሁለት ማንጎዎች ከሌሎቹ ያንሱ ነበር። ሁለት ሰው ተጠርቶ ተቆረጡ፣ ጉቶውም ተነቅሎ ተቃጠለ። ቅርንጫፉን እየጎተትኩ ያወጣሁት እኔው ራሴ ነኝ፣ ላቤ እየተንጠባጠበ፣ እየዘመርኩ። አይ ጅልነት! ያን ቀን አስባበት ነው ወይስ እውነት ለማንጎዎቹ ብላ ነው? ይህን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ይህ አለማወቄ ነው የሚያቃጥለኝ።

በሦስተኛው ዓመት ማንጎዎቹ አበቡ። ልፈነጥዝ ስል እየዞረች አበባውን በጣቷ ቀጠፈችው። «ገና ልጅ ናት፣ አሁን ከወለደች ትቀጭጫለች። ለከርሞ» አለች። ሌላ ሰው ቢሆን እጁን እሰብረው ነበር። እሷ ስለሆነች የተቀጠፈውን አበባ እየለቀምኩ ተከተልኳት።

በአራተኛው ዓመት «አሁን ያፍሩ» አለች። ጥር ላይ እንደ አተር የሚያክል ፍሬ ይዘው ሳለ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ለፈፈ። የሰፈራችን ይዞታ ሊለካ ነው፣ ለየቤቱ ካርታ ሊሰጥ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ድንበሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅ። ደስ አለኝ። እናቴ ያላገኘችውን ወረቀት እኔ ላገኝ ነው።

ቅዳሜ መጡ። ሜትር የሚጎትቱ ሁለት ሰዎች፣ ወረቀት የያዘ አንድ ባለሙያ፣ ሦስት የሰፈር ሽማግሌዎች። እኔና ጎረቤቴ ክንድ ለክንድ ተያይዘን ቆመን ነበር። ባለሙያው በእስክሪብቶው ማንጎዎቹን እያሳየ «ይሄ የመሃሉ የማን ነው?» አለ።

«የኔ ነው» አልኩ።

«የኔ ነው» አለች።

ሳቅኩ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ከልቤ ነው የሳቅኩት፤ የምትቀልድ መስሎኝ ጎሸም አደረግኳት። ክንዷን ከክንዴ አወጣችና አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለች። «የኔ ነው» አለች ደግማ፣ ፊቴን ሳታይ። «የተከልኩት እኔ ነኝ።»

ባለሙያው ወረቀት እንዳለን ጠየቀ። ሁለታችንም የለንም። «እንግዲያው ያለማው ማን እንደሆነ ነው የምናየው» አለና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «ቋሚ ተክሉን ማን ተከለው?»

በዕድሜ ትልቁ ሽማግሌ የእናቴ ወዳጅ ነበሩ። ከሰዓት ከሰዓት እኒያ ኒሞች ሥር ከእሷ ጋር ተቀምጠው ሲጫወቱ ነው ያደግኩት። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እሷ ናት የተከለችው። በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ።

«አባባ! መሬቱ የማን እንደሆነ አያውቁም? ከእናቴ ጋር እዚህ ኒም ሥር አልተቀመጡም?»

«ተቀምጫለሁ ልጄ። ኒም ነበር። ኒሙ የታለ?»

ይህን ብለው ዓይናቸው ወደራሳቸው ግቢ ሄደ። ዓይናቸውን ተከትዬ አየሁ። አጥራቸው ላይ ፍሬ የተሸከመ ሎሚ አለ፣ ያስተከሉት በእሷ እጅ ነው። የሁለተኛው ሽማግሌ ግቢ ውስጥ የእሷ ዘይቱን፣ የሦስተኛው ግቢ ውስጥ የእሷ ሙዝ። ተካይን ያስቀየመ ሰው ዛፉ ይደርቅበታል ይባላል። እንኳን እነሱ፣ እኔም አምን ነበር። ያኔ ገባኝ፤ በዚያ ሰፈር ለእኔ የሚመሰክር አንድ አፍ የለም።

ባለሙያው ወደኔ ዞረ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ከደጋ የመጣ፣ ላቡን በክንዱ የሚጠርግ ሰው። «እህቴ፣ እውነት ነው? እሷ ናት የተከለችው?»

«አዎ፣ ግን ለእኔ ነው የተከለችው።»

«አንቺ ከእነዚህ አንዱን ተክለሻል?»

«አልተከልኩም።»

«ውሃ የሚያጠጣውስ ማን ነው?»

«እኔ ሥራ ቦታ ስሆን እሷ ናት።»

«ስንት ቀን ነው ሥራ ቦታ የምትሆኚው?»

«አምስት ቀን።»

«ለምንድን ነው ራስሽ ያልተከልሽው?»

«እጄ ደረቅ ስለሆነ ነው» አልኩ። ሜትር የያዙት ሰዎች በሳቅ ፈነዱ። ባለሙያውም ሳቁን መያዝ አቃተው። «እጄ ደረቅ ነው ብላለች ብዬ ሪፖርት ላይ ልጻፍ?» አለ። ልማዱን የሚያውቁት ሦስቱ ሽማግሌዎች አልሳቁም። መሬት መሬት ያዩ ነበር። አንዱ፣ አንዱ ብቻ፣ «ልክ ነው፣ እኛ ዘንድ እንዲህ ነው» ቢል ምን ነበረበት! ግን ምን ብዬ ልዋሽ? የተጠየቅኩት ሁሉ እውነት ነበር። በገዛ አፌ እየመለስኩ መሬቴን አሳልፌ ሰጠሁ።

ብረቱን ችካል ከኩሽናዬ ግድግዳ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ መቱት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱ ያን ቀን የያዘው የእሷን ስም ነው። ቀበሌ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በመጨረሻ አንዷ ጸሐፊ አዘነችልኝና «የኔ እናት፣ ባትደክሚ ይሻላል፣ ፋይሉ ተዘግቷል» አለችኝ።

ሳምንት ሙሉ ለብቻዬ ስጮህ ሰነበትኩና ሄድኩባት። ግቢዋ ውስጥ ድስት ታጥብ ነበር። ስታየኝ በርጩማ ሳበችልኝ።

«ተቀመጪ» አለች።

«አልቀመጥም። ለምን?»

ድስቱን አስቀመጠች። «ሃያ ዓመት ለሰው ተከልኩ» አለች። «እስቲ ዞረሽ እዪ፣ በዚህ ሰፈር ያለው አረንጓዴ ሁሉ የማን እጅ ነው? የኔ የምለው ግን አንድ ዛፍ የለኝም። ግቢዬ እንደሆነ ድንጋይ ነው። አንቺ አርብ መጥተሽ ታያለሽ፤ በየካቲት ፀሐይ ጀሪካን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። እኔ አራት ልጆች አሉኝ። አንቺ ለማን ነው? ልጅ የለሽ።»

ከመሬቱ ይልቅ ያቺ ቃል ገደለችኝ። ልጅ እንደሌለኝ ስንት ሌሊት አልቅሼ የነገርኳት እኮ ለእሷ ነው፤ ለሌላ ሰው ተናግሬው አላውቅም። የሰጠኋትን ገመና እንደ ገጀራ ስላ አስቀምጣው ኖሯል።

«ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር» አልኳት። «ግማሹን እሰጥሽ ነበር።»

«ብጠይቅሽማ ያንቺ ነው ብዬ ማመኔ ነበራ» አለችና ድስቷን አነሳች።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ። እኛ አገር ፈረስ የለም፤ ተረቱ ግን ገባኝ። እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ ግማሹን እሰጣት እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም። ግን የመጠየቅ ዕድሉን እንኳ ነፈገችኝ። አራት ዓመት አብሬያት የሳቅኩት ሁሉ ዞሮ ሲታየኝ፣ የትኛው ሳቅ የእውነት እንደነበረ መለየት አቃተኝ።

መዘምራኑን አልለቀቅኩም። ቦታዬንም አልቀየርኩም። ለምን እኔ ልነሳ? እሷም አልተነሳችም። እሁድ እሁድ ጎን ለጎን እንቆማለን፣ ያው ዜማ እንዘምራለን፣ ሳንተያይ እንወጣለን። ሽማግሌዎች ሁለቴ መጥተው «መሬት አላፊ ነው፣ ይቅር በያት» አሉኝ። «ይቅርታ ጠየቀች?» አልኳቸው። «ምንም አላጠፋሁም ነው የምትለው» አሉ። ታዲያ ምኑን ይቅር ልበል?

ሚያዝያ ላይ፣ ማንጎው ቢጫ መምታት ሲጀምር፣ ካርታው ታደለ። በዚያ ሳምንት እሁድ ምስክርነት ያለው ሰው ይነሳ ሲባል እሷ ተነሳች። ካርታዋን በላስቲክ ጠቅልላ ይዛዋለች። ማይኩን ተቀበለችና እንደሚገባው አለቀሰች፤ ጌታ መበለቲቱን እንዳሰበ፣ ድካሟን እንዳየ፣ ለልጆቿ ርስት እንደሰጠ ተናገረች። ጉባኤው «ሃሌ ሉያ!» አለ። እልልታው ቆርቆሮውን አናወጠው። እኔ አጠገቧ ቆሜ የመዝሙር ደብተሬን እያየሁ ነበር፤ አንድ ፊደል አይታየኝም።

እኛ ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት የሰጠ ሰው ሳይጸለይለት አይቀመጥም። ፓስተሩ ነገሩን ያውቅ ይሁን አያውቅ እንጃ፣ «አጠገቧ ያለሽው እህታችን፣ እጅሽን ጭነሽ ጸልዪላት» አለ። ማይኩ መጣልኝ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፈነ። እሷም አንገቷን ደፋች።

ትከሻዋን ያዝኩ። «አባት ሆይ፣ እናመሰግንሃለን» ብዬ ጀመርኩ።

«አሜን» አለ ጉባኤው።

«አንተ ሁሉን ታያለህ።»

«አሜን!»

«የተሰወረውንም ታውቃለህ።»

«አሜን!»

ከዚያ በኋላ አፌ ያለውን እኔ አላዘዝኩትም። «መሬቴን መልስልኝ» አልኩ።

«አሜን!» አለ ጉባኤው በሙሉ ድምፅ፣ እንደለመደው። ከዚያ ዓይን እየተገለጠ መጣ። የኋላው ወንበር ላይ አንድ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ከፊት ተቀምጠው ነበር፤ አንዳቸውም ዞረው አላዩኝም። እሷ ብቻ ዓይኗን አልገለጠችም። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ፣ እሷም «አሜን» አለች።

ቤቴ ገብቼ ጠበቅኳት። ትመጣለች አልኩ፤ አሜን ያለ ሰው መቼም ይመጣል። በሬን ከፍቼ፣ ነጠላዬን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ ከጀርባ የልጆች ጫጫታ ሰምቼ በኩሽናዬ መስኮት አየሁ። እሷ መሰላል ላይ ቆማ፣ ልጆቿ ከታች ሳፋ ይዘው፣ ማንጎዬን ትለቅም ነበር።